የምታስል አንዲት ልጅ

ዶክተሩን የመታሁት እኔ ነኝ። በወይራ ዱላ፣ ግራ ክንዱን፣ ከክርኑ ከፍ ብሎ። አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬም ሰማሁት፣ በመዳፌም ተሰማኝ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ አላየሁም አልኩ። ዳኛ ፊት ቀርቤም ዝም አልኩ። በእኔ ምት ወንድሜን እጁን አስረው ሲወስዱት እንኳ ዝም አልኩ። አሁን ልናገር ነው። መስማት የማይፈልግ ገጹን ገልብጦ ይለፍ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ደሳለ እባላለሁ። ከወረዳችን ከተማ ከአምደወርቅ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ቀበሌ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነበርኩ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የሚያስተምር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ትምህርት ቤት ነው። ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው፤ በአርባ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ በልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጣጥፌ። መምህሩ ሰልችቶት ሲተወኝ ያስጨረሰችኝ ልጄ ለምለም ናት። እናቷ ስትወልዳት ሞታለች፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። "አባዬ፣ ሐ እኮ ሦስት እግር ነው ያላት፣ አራተኛውን ከየት አመጣህላት?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እስከ ዛሬ አራት ሳላደርግላት አላልፍም። እጄ እንዲያ ለመደ።

ኮሮና መጣ ተብሎ ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ ለምለም ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶባታል። በሩ ላይ ሰንሰለቱን አዙሬ የቆለፍኩት በራሴ እጅ ነው። "በሬዲዮ ይማራሉ" ተባለ። በእኛ ሰፈር የሚሠራ ሬዲዮ የነበረው ለአንድ ቄስ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። ክረምቱ ሲገፋ የለምለም ጓደኞች አንድ አንድ እያሉ ተዳሩ። ታላቅ ወንድሜ አያ ካሳው ለእሷም ሰው አገኘላት፤ ጎረቤት ወረዳ ዝቋላ የሚኖር፣ ብዙ ፍየል ያለው ሰው።

ካሳው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ልጄን እንደ ልጁ ነው የሚወዳት። "ቤት ተቀምጣ ከምትደርቅ ጎጆ ትያዝ" ነው ያለኝ። ተከራከርን፤ ተሰዳደብን። በመጨረሻ ሽማግሌ ፊት ቀርበን እንዲህ ተባባልን፦ ትምህርት ቤቱ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከተከፈተ ለምለም ትማራለች። ካልተከፈተ በጥር ሠርግ ነው። እጅ ተመታታን። የልጄ ነገር እኔ በቆለፍኩት በር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መስከረም ላይ ዶክተሩ መጣ። ይርጋ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ። "የትኛው ትምህርት ቤት ይከፈት፣ የትኛው ይቆይ ብለው ለመንግሥት ምክር የሚጽፉ ምሁራን ናቸው" አለን ርዕሰ መምህሩ። የትምህርት ዶክተር ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። ይህን ለሰው ብናገር ማን ሰምቶኝ! ያገኘው ሁሉ እግሩን እየገለጠ ቁስሉን ያሳየው ነበር።

ቤቶቹን የሚያውቅ፣ ማንበብ የሚችል፣ ኽምጣንጋም አማርኛም የሚናገር ሰው ሲፈለግ ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ጠቆመ። ሦስት ቀን ከቤት ቤት ዞርን። ዶክተሩ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ቅጹን በደረቱ ታቅፎ ይጠይቃል፤ እኔ አስተረጉማለሁ።

"ባለፉት ሁለት ሳምንታት በዚህ ቤት ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው አለ?"

እማ ትበርህ የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት አሉ። ጥያቄውን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩና በኽምጣንጋ "ደሳለ፣ ይኼ ምዝገባ ምን ይሰጣል?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ። የታመመ ያለበት ቤት ሳይታይለት አይቀርም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሦስት ብለህ አስጽፍልኝ።"

"ብቻዎን አይደሉ እንዴ የሚኖሩት?"

"የሞቱትን ቁጠራቸዋ! እነሱስ ታመው አይደል የሞቱት?" አሉና ለማስረገጥ ያህል ዶክተሩ ፊት ሳል አወረዱበት። ዶክተሩ ወደ ኋላ ሲስፈነጠር ቁልቋሉ ላይ ተቀመጠ።

"ምን አሉ?" አለኝ እሾሁን ከሱሪው እየነቀለ።

"ሦስት ሰው ያስላል አሉ።"

ጻፈው።

እንዲህ ነው የሆነው። በእኛ አገር ወረቀት ይዞ ቤት የሚቆጥር ሰው የሚመጣው ለእህል ነው። ድርቅ በመጣ ቁጥር ያለውን ያመነ ከመዝገብ ይወጣል፤ የባሰበት መስሎ የታየ ስንዴ ይሰፈርለታል። ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባነው። ያን ሰሞን በቀበሌያችን ያላሳለ ቤት አልነበረም። እኔ ደግሞ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ በልቤ እየሳቅሁ ነበር የማስተረጉመው።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩን ሆዱን ቆረጠው። "ጋሽ ደሳለ፣ የቀሩትን ቤቶች እርስዎ ይሙሉልኝ" ብሎ ቅጹንና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። አርባ ዓመት በአውራ ጣቱ ሲፈርም የኖረ ሰው፣ የሰው ቤት በእስክሪብቶ ሊሞላ! ደረቴ እንዴት እንደተነፋ አትጠይቁኝ። የሰፈሩን ጨርሼ በመጨረሻ የራሴ ቤት ደረሰ። ለምለም ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። ሰው ሁሉ ስንዴ ሲያገኝ እኔ ልቀር ነው? "የምታስል አንዲት ልጅ" ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሐሙስ ብዬ፣ ከሥሩም ስሟን ጻፍኩ። ለምለም የሚለውን ቃል መጻፍ እወድ ነበር፤ አሳምሬ ጻፍኩት።

ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የጎረቤት ቀበሌ ትምህርት ቤት መከፈቱን ሰማን። እኛም ስብሰባ ተጠራን። ረፋዱ ላይ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ግቢውን ሞላው። ዶክተሩ በወረዳው መኪና መጣ፤ ከሹፌሩና ከአንድ የቀበሌ ሚሊሻ በቀር ማንም አልተከተለውም። የወረዳው ሰዎች "ሳይንሱን አንተ አስረዳቸው" ብለውት አምደወርቅ ቀርተዋል። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል ማለት ነው። አንድ ዴስክ አውጥቼ ፊቱ አኖርኩለት። እኔ ዱላዬን ይዤ ከኋላው ቆምኩ። የቆምኩት ልጠብቀው ነው።

"በጥናቱ ውጤት መሠረት" ብሎ ጀመረ። "በዚህ ቀበሌ የበሽታው ምልክት በብዙ ቤት ስለተገኘ ትምህርት ቤቱ በዚህ ዓመት አይከፈትም። ከዐረብ አገር ለሚመለሱ ወጣቶች ለይቶ ማቆያ ይሆናል።"

ለምለም ከልጃገረዶቹ ጋር በባንዲራው ምሰሶ አጠገብ ቆማ ነበር። እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየኋት።

ካሳው ተነሣ። አጥር ሲጠግን አርፍዶ የመጣ ነው፤ ምሳሩ ትከሻው ላይ ነበር። "ማነው የታመመው? እስቲ አንድ መቃብር አሳየኝ! ይኼ በሽታ መጣ ከተባለ ወዲህ የቀበርነው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከገደል ወድቆ!"

ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ ነበር።

"በየቤታችሁ ሳል አለ ብላችሁ የነገራችሁን እናንተው ናችሁ" አለ ዶክተሩ።

"ውሸታም! ራስህ ጽፈህ ነው!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። "ለስንዴ ብለን ነው" ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የዋሸ እሱ ብቻ መስሎት ጎረቤቱን ያያል። የመጀመሪያዋ ድንጋይ ዴስኩን መታች። ሰዉ ተነሥቶ ወደ ፊት ገፋ፤ አቧራው ቦነነ። ዶክተሩ የወረቀቱን ክምር በግራ እጁ ከፍ አድርጎ "ይኸው ወረቀቱ! ራሱ ጥበቃው እንኳ..." ብሎ ጮኸ።

አልጨረሰውም። ካሳው ፊት፣ ልጄ ፊት ሊያነብብኝ ነው ብዬ ሰነዘርኩ።

ወረቀቱ እንደ ላባ ግቢው ላይ ተበተነ። በዚያ ግርግር ማን እንደመታው ያየ የለም፤ ወይም ያን ጊዜ እንደዚያ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። ሚሊሻው ወደ ሰማይ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ወዲያው ድንጋይ አፉን አገኘውና ጥርሱን ከደም ጋር መዳፉ ላይ ተፋው። ሹፌሩ ሊሮጥ ሲል ጠልፈው ጣሉት፤ ሴቶች ሳይቀሩ ረገጡት። የመኪናውን መስታወት አርግፈው፣ ጎማውን በማጭድ ተርትረው፣ ሃያ ሰው ሆነው እየገፉ ገደል ሰደዱት። አብረን ማኅበር የምንጠጣ፣ አብረን ለቅሶ የምንውል ሰዎች ናቸው። ፊታቸውን አላወቅሁትም።

ዶክተሩ ተንበርክኮ ክንዱን ታቅፏል። አንዱ በድንጋይ ጀርባውን አለው፤ ሌላው በእግሩ ጎድኑን። ካሳው ምሳሩን ከትከሻው አውርዶ ሲመጣ አየሁ። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። የዶክተሩን ኮሌታ ይዤ እየጎተትኩ የስምንተኛ ክፍል በር ላይ ደረስኩ፤ ቁልፉ ከወገቤ አይለይም። ከፍቼ ዶክተሩን ወደ ውስጥ ወረወርኩት፣ ገባሁ፣ ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ ዴስኮቹን በሩ ላይ ከመርኩ።

ውስጥ ጨለምለም ያለ ነው። ድንጋዩ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። የጥቁር ሰሌዳውን ማስመሪያ ሰብሬ፣ ፎጣዬን ቀድጄ ክንዱን አሰርኩለት። ስጎትተው ጮኸ፤ ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ።

"ለምን መታኸኝ?" አለኝ።

"ዝም እንድትል።"

አንተ ማለት የጀመርኩት ከመታሁት በኋላ ነው። እሱም እርስዎ ማለቱን ተወ።

"ወረቀቱን እኮ የሞላኸው አንተ ነህ!"

"የጠየቅከውስ አንተ አይደለህ?"

"ውሸት መሆኑን እያወቅህ?"

"ወረቀቱ ምን እንደመሰላቸው አንድ ቀን ጠየቅካቸው? ያን ሁሉ ጥያቄ ስትደረድር ይቺን አንዷን መጨመር አቃተህ?"

የታሰረ ክንዱን አየ። ቀጥሎ "እኔ ዓመት ሙሉ ይዘጋ አላልኩም" አለ። "ምርመራ ተደርጎ ሁለት ሳምንት ይታይ ነው ያልኩት። የቀረውን የጨመሩት እነሱ ናቸው። እኛ የምንሰጠው ምክር ብቻ ነው።"

"በምክርህ ነው ልጄ የምትዳረው።"

"የትኛዋ ልጅህ?"

"የምታስለዋ።"

አንገቱን ደፋ። በሩ ተንቀጠቀጠ፤ የምሳሩ ምላስ በእንጨቱ በኩል ብቅ አለ።

"ደሳለ! ክፈት!" የካሳው ድምፅ ነው። "አንተን አልነካህም፣ እሱን ስጠኝ!"

"አያ ካሳው፣ ተው፤ ወደ ቤትህ ሂድ!"

"ልጅቷ እዚህ አልቅሳ ልትሞት ነው፤ አንተ ያጠፋትን ሰው ታቅፈህ ትቀመጣለህ? አባት ነህ አንተ?"

ያጠፋኋት እኔ ነኝ ልበለው? ጀርባዬን በዴስኮቹ ላይ አስደግፌ ገፋሁ። ምሳሩ ወጣ፣ ገባ። ከዚያ ቆመና ሌላ ነገር ሰማሁ፤ ጭድ ሲከመር። "አጭሰን እናወጣዋለን!" ይላል አንዱ። ጭሱ በበሩ ሥር ገባ። ሁለታችንም ማሳል ጀመርን፤ አንጀታችን እስኪበጠስ። ዶክተሩ እያሳለ ሲስቅ አየሁት፤ ያበደ መሰለኝ።

"በል ጻፍ" አለኝ። "በዚህ ቤት የሚያስሉ ሁለት።"

እኔም ሳቅሁ። ሞት በር ላይ ቆሞ ሁለት ሰዎች ጥርሳችንን ገልጠን ሳቅን።

የለምለምን ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ መስኮቱ ተጠግቼ በቀዳዳው አየሁ። የባንዲራው ምሰሶ ከቆመበት የሲሚንቶ መደብ ላይ ወጥታለች። ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ማስታወቂያ የምታነብበት ቦታዋ ነው። የተበተነውን ወረቀት ሰብስባ ይዛለች። ቅጹ በአማርኛ ነው፤ እሷ ግን ቤት ቤቱን በኽምጣንጋ ጠራችው።

"የአባ ኃይሉ ቤት። የሚያስሉ አራት፣ ትኩሳት ያለበት አንድ። የቄስ ገብሩ ቤት። የሚያስሉ አምስት። የእማ ትበርህ ቤት..." ብላ ቀና አለች። "እማ ትበርህ፣ ከእርስዎ ጋር የሚያስሉት ሁለቱ እነማን ናቸው?"

አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

"ዝም በይ አንቺ!" ብሎ አንዱ ድንጋይ ወረወረ። ከቅንድቧ በላይ አገኛት። ተንገዳገደች፤ ምሰሶውን ያዘች። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። በክንዷ ጠረገችና ቀጠለች። መስኮቱን በቡጢ ነረትኩት፤ ብረት ነው፣ ጣቶቼ ተላጡ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

ስሙ የተጠራ ሁሉ ድንጋዩን ከእጁ ይጥላል። አንዱ ዘወር ይላል፤ አንዱ ልጁን ፈልጎ ይዞ ይወጣል። ጭዱን ያመጣው ሰው ራሱ በእግሩ እየረገጠ አጠፋው። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ቀራት። አየችው። አራት እግር ያላትን ሐ ያየች ይመስለኛል።

"የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ቤት" አለች። "የምታስል አንዲት ልጅ። ለምለም ደሳለ።"

ከዚያ በራሷ ቃል፣ ቀስ ብላ፣ "እኔ አስዬ አላውቅም" አለች።

ካሳው በሩ ሥር ነበር። ትንፋሹ በምሳሩ ቀዳዳ በኩል ይሰማኛል። "ደሳለ" አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። "ልጅቷ የምትለው እውነት ነው?"

አልመለስኩለትም። ምሳሩን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

ፖሊሶች ከአምደወርቅ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። በሩን ከፍቼ ዶክተሩን ደግፌ አወጣሁት። "ማነው የመታዎት?" አሉት። ዶክተሩ አየኝ። ረዘም አድርጎ አየኝ። "አላየሁም። ሰው ብዙ ነበር" አለ። ለምን እንዳለፈኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ አይተሃል?" "አላየሁም" አልኩ። በሩ ተሰንጥቋል፣ ምሳሩ የካሳው እጅ ላይ ነው። ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ሲያስሩት "እኔ በሩን ነው የመታሁት እንጂ ሰው አልመታሁም" አለ። ለምለም ፊቷ ላይ ደሙ ደርቆ ቆማ ካሳውን አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነው። ዱላው ሲያርፍ ያየችው እሷ ነበረች።

ዶክተሩ ምክሩን ቀየረ። እንዴት አድርጎ እንደጻፈው አላየሁም፤ ብቻ ኅዳር ላይ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ተከፈተ፤ ግማሹ ልጅ አንድ ቀን፣ ግማሹ በማግሥቱ። በምሳር የተሰነጠቀውን በር እኔው ጠግኜ፣ እኔው ከፈትኩት። የዝቋላው ሰው ከእስረኛ ቤተሰብ ጋር አልጋባም ብሎ ቀረ። ለምለም ያመለጣትን ፈተና በታኅሣሥ ተፈተነች፤ አለፈች። ካሳው ሰቆጣ ስምንት ወር ታሰረ።

ታዲያ ተሳካልህ ትሉኝ ይሆናል። ስሙኝ። ለምለም በዚያው ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ሰቆጣ ስትሄድ ያን ወረቀት ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ መደቡ ላይ አኖረችልኝ። "ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሑድ እሑድ ለአጎቷ ስንቅ ይዛ እስር ቤት ትሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ በአገራችን የወረደውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ነገር ሸፍኖ አልፏል። ይህችን ግን አልሸፈነልኝም።

እናንተ የተማራችሁ፣ ወረቀት ይዛችሁ በየቤቱ የምትዞሩ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። የተራበ ሰው ጥያቄያችሁን አይደለም የሚመልሰው። በእጃችሁ ያለ የመሰለውን ነገር ነው የሚመልሰው። ይህን ሳታውቁ የምትጽፉት ምክር የሰው ልጅ ይድራል፣ በር ይቆልፋል፣ አጥንት ይሰብራል። እኛም ብንሆን ከእናንተ አንሻልም። እኔ ማንበብ ስችል ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ በተማርኩት ፊደል የመጀመሪያውን ሥራዬን ስሠራ የገዛ ልጄን በሽተኛ ብዬ ጻፍኩ። መሃይም ሳለሁ እንዲህ ያለ ጥፋት አጥፍቼ አላውቅም።

ካሳው ከተፈታ ወዲህ አርጅቷል። ጠላ ቤት ሲቀመጥ ዛሬም "በሩን እንጂ ሰውየውን አልመታሁትም" ይላል፤ ሰው ይስቅበታል። እኔም እዚያው ተቀምጬ ጠላዬን እጠጣለሁ። ካሳው ማንበብ አይችልም። ወረቀት ሲደርሰው የሚያስነብበው ለምለምን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለእሷ ልኬዋለሁ።

ለምለም፣ ያን ቀን እንዳነበብሽው አድርገሽ አንብቢለት፤ በኽምጣንጋ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ። የእኔ ስም ጋ ስትደርሺ አትዝለዪው። ምሳሩን ፖሊስ መልሶለታል፤ ቤቴም የት እንደሆነ ያውቃል። ዕድሜዬን በር ስቆልፍ ኖሬአለሁ። እሱን ስጠብቅ ግን አልቆልፍም።